ከሆስፒታል መልስ፦ ቤት የቆየው ኪኒን ምን ይሁን?

አንዲት አንባቢ የላከችው ጥያቄ ይህ ነው፦

«እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ግፊትና ስኳር ካለባት ቆይቷል። በቅርቡ ትንፋሽ አጥሯት፣ እግሯም አብጦ ሆስፒታል ገባች። የልብ ድካም ነው አሉን። ከወጣች ስድስት ቀኗ ነው። መውጫ ወረቀቷ ላይ ሊዚኖፕሪል፣ ፉሮሴማይድ፣ ስፓይሮኖላክቶን፣ ካርቬዲሎልና ሜትፎርሚን ተጽፏል። ቤት ደግሞ ድሮ ስትወስዳቸው የነበሩ ኢናላፕሪል፣ ግሊቤንክላማይድ፣ ሜትፎርሚን፣ እንዲሁም እግሯ ሲያብጥ የታዘዘላት ላሲክስ አሉ። አቁሙ ያለን ስለሌለ ሁሉንም እየሰጠናት ነው። ለጉልበቷም ዲክሎፌናክ ትውጣለች። አሁን እብጠቱ ጠፍቷል፣ ትንፋሿም ደህና ነው። ግን ስትነሳ ያዞራታል፣ ሌሊት ደግሞ ሽንት እያመላለሳት እንቅልፍ የላትም። ኪኒኑ የበዛባት መሰለኝ። ተሽሏታልና አዲሶቹን ትተን ወደ ድሮዎቹ ብንመለስ ምን ችግር አለው?»

አዎ፣ ኪኒኑ በዝቶባቸዋል። መቀነስ ያለበት ግን ድሮው ነው። አዲሶቹን ትተሽ ወደ ድሮዎቹ ከተመለስሽ ሆስፒታል ያስገባቸውን ችግር መልሰሽ ጠራሽው ማለት ነው።

ከሁሉም በፊት ይህን አድርጊ። ከዲክሎፌናኩ፣ ከድሮው ላሲክስና ከኢናላፕሪሉ ከአሁን በኋላ አንድ ፍሬ እንዳትሰጪ። ግሊቤንክላማይዱንም እስክትጠይቂ ድረስ አትስጪያቸው። ከዚያ ዛሬውኑ ወደ ሐኪማቸው ወይም ተኝተውበት ወደነበረው ክፍል ደውዪ፤ የሚያነሳ ካጣሽ ይዘሻቸው ቅርብ ወዳለ ጤና ተቋም ሂጂ። ግፊታቸው ተኝተውም ቆመውም ይለካ። ስኳራቸው ይታይ። ደማቸው ለኩላሊትና ለፖታሲየም ይመርመር። ስድስት ቀን ሙሉ ደራርበው ወስደዋልና «ድሮዎቹን አቁመናል፣ በቃ» ብሎ መተው አያዋጣም። ግፊታቸው በጣም ወርዶ ከተገኘ ሐኪሙ ከአዲሶቹም አንዱን ለጊዜው ሊያስቆም ይችላል። እሱን ግን ለሐኪሙ ተዪለት።

አሁን ምን እንደተፈጠረ ልንገርሽ።

ላሲክስና ፉሮሴማይድ አንድ መድኃኒት ናቸው። ላሲክስ የንግድ ስሙ ነው፣ ፉሮሴማይድ ደግሞ የመድኃኒቱ የራሱ ስም። ቀለሙ፣ ማሸጊያው፣ የፍሬው ቅርፅ ሊለያይ ይችላል፣ ውስጡ ያለው ግን ያው ነው። ስለዚህ እናትሽ የሚያሸናውን ኪኒን በላይ በላይ እየወሰዱ ነው። ሰውነት ከሚገባው በላይ ውሃና ጨው ሲያጣ ግፊት ይወርዳል፣ በተለይ ከተኙበት ብድግ ሲሉ። ማዞሩ ከዚህ ብቻ ሊመጣ ይችላል።

ኢናላፕሪልና ሊዚኖፕሪል ደግሞ አንድ መድኃኒት አይደሉም፣ ግን የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ሥራቸው አንድ ነው። ካፕቶፕሪልና ራሚፕሪልም እዚያው ናቸው። ሆስፒታል ውስጥ ብዙ ጊዜ ከቤተሰቡ የተገኘው ይሰጣል፤ በሽተኛው ቤት ሲወስድ የነበረው ሌላው ስለነበር ሁለቱ ወረቀት ላይ ሳይገናኙ ሆድ ውስጥ ይገናኛሉ። ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ የሚጨምረው ጥቅም የለም። ግፊትን ያወርዳል፣ ኩላሊትን ያስቸግራል፣ ፖታሲየምን ከፍ ያደርጋል። ስፓይሮኖላክቶንም በበኩሉ ፖታሲየም ይጨምራል። እኔን ከማዞሩ በላይ ያሳሰበኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ፖታሲየም በጣም ከፍ ሲል የልብ ምት ያዛባል፣ ቀድሞ ምልክት የማያሳይበት ጊዜም ብዙ ነው። የደም ምርመራውን አጥብቄ የጠየቅሁሽ ለዚህ ነው። እግረ መንገዴን፣ «ለግፊት ጥሩ ነው» ተብሎ በጨው ምትክ የሚሸጥ ነገር ቤት ካለ ጀርባውን አንብቢው። ብዙዎቹ የሚሠሩት ከፖታሲየም ነው፣ ለእሳቸው አይሆንም።

ዲክሎፌናኩ ለብቻው መነጋገር ያስፈልገዋል። ሰው «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ሲባል የግፊቱን ይናገራል፣ የስኳሩን ይናገራል፣ ማስታገሻውን ግን ከመድኃኒት አይቆጥረውም። ያለ ማዘዣ ስለሚገዛ ቀላል ይመስላል። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን የመሳሰሉት ሰውነት ውሃና ጨው እንዲይዝ ያደርጋሉ፣ የሚያሸናውን ኪኒን ሥራም ያዳክማሉ። በአንድ እጅ ውሃውን እያስወጣችሁ በሌላ እጅ እየመለሳችሁት ነው። ይባስ ብሎ ማስታገሻው፣ የሚያሸናውና ከ«ፕሪሎቹ» አንዱ ሦስቱም ሲገጥሙ ኩላሊት በቀናት ውስጥ ሊጎዳ ይችላል። የልብ ድካም ያለበት ሰው ከእነዚህ ማስታገሻዎች መራቅ አለበት፣ «አልፎ አልፎ ብቻ» የሚለውም አይሠራም። ሆስፒታል ያስገባቸውን እብጠት ያባባሰው እሱ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ከመቼ ጀምሮ፣ በቀን ስንት ሲወስዱ እንደነበር ሳትደብቂ ንገሪው።

ታዲያ ጉልበታቸው ይታመም? አይደለም። ፓራሲታሞል ይሞከር። ለአዋቂ የቀኑ ጣሪያ 4 ግራም ነው፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ 8 ፍሬ። ዕድሜያቸው ለገፋና ሰውነታቸው ለከሳ፣ ወይም ጉበታቸው ላይ ችግር ላለ ሰዎች ግን ከዚያ ዝቅ ይላል፤ ልኩን ጠይቂ። የጉንፋን ኪኒኖች ውስጥም ፓራሲታሞል አለ፣ ሳታውቂው እንዳይደረብ። የሚቀባ ማስታገሻ ወደ ደም የሚገባው ከሚዋጠው በጣም ያነሰ ነው፣ ያም ቢሆን ከኩላሊት ምርመራው በኋላ ተጠይቆ ይሁን።

ወደ ስኳሩ እንምጣ። ሜትፎርሚን ሁለቱም ቦታ አለ። ከድሮውም ከአዲሱም እየሰጣችሁ ከሆነ እሱም እጥፍ ሆኗል ማለት ነውና ዛሬ ስትደውዪ መጠኑን ጥቀሺ። ኩላሊት ሲደክም ሜትፎርሚን መቀነስ ወይም መቆም ሊኖርበት ስለሚችል የኩላሊቱ ውጤት እዚህም ያስፈልጋል። ግሊቤንክላማይድ ግን ወረቀቱ ላይ የለም። ይህ ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል፦ ወይ ሆን ተብሎ ቆሟል፣ ወይ ተረስቷል። እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ። ይህ ኪኒን ስኳርን ረዘም ላለ ሰዓት ዝቅ የሚያደርግ ነው፣ ዕድሜያቸው ለገፋና የምግብ ፍላጎታቸው ለቀነሰ ሰዎች አደጋው ይበዛል። አንድ ቀን ሳይወስዱ ቢውሉ ስኳራቸው ትንሽ ከፍ ይል ይሆናል። ወስደው ሳይበሉ ቢያድሩ ግን ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። ከሁለቱ መጥፎዎች የቀለለው የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው። ስኳር መለኪያ ካላችሁ ሲያዞራቸውም ለኩ። ከ70 በታች ከሆነ ማዞሩ የግፊት ብቻ አይደለም፤ ነቅተው መዋጥ ከቻሉ ወዲያው ስኳር ያለበት ነገር ይጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ለኩ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር መለየት አለብኝ፣ አለበለዚያ ምክሬ ሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያመጣል። «ወረቀቱ ላይ የሌለ ሁሉ ቆሟል» ማለት አይቻልም። የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ የታይሮይድ ኪኒን፣ የግላኮማ የዓይን ጠብታ፣ የአስም መንፊያ፣ የአእምሮ ሕክምና መድኃኒት፣ የኤችአይቪ ወይም የቲቢ መድኃኒት በመውጫ ወረቀት ላይ ሳይጻፉ የሚቀሩበት አጋጣሚ አለ፣ ምክንያቱም ያስተኛቸው ችግር ሌላ ነበር። ለሳምንታት ፕሬድኒሶሎን ሲወስድ የቆየ ሰውም ባንዴ ካቋረጠ አደገኛ ነው። እንዲህ ያሉት ከጠፉ አትገምቺ፣ በዚያው ቀን ደውለሽ ጠይቂ። የእናንተ ጉዳይ ከዚህ የሚለየው፣ ከድሮዎቹ ውስጥ ሦስቱ በአዲሶቹ የተተኩ ወይም ራሳቸው አዲሶቹ ስለሆኑ ነው።

«አቁሙ ያለን የለም» ብለሻል። አምንሻለሁ፣ የነገሩ ሥርም እሱ ነው። መውጫ ወረቀት የሚጀመረውን ይዘረዝራል፣ የሚቆመውን ግን ብዙ ጊዜ አይጽፍም። ወረቀቱን የጻፈው ሐኪም ቤት ያለውን መሳቢያ አላየውም። ገለጻው የሚሰጠው ደግሞ ሰው ሻንጣውን አንስቶ ለመውጣት በተቻኮለበት ሰዓት ነው፤ ጆሮው ይሰማል፣ ልቡ ቤቱ ገብቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እ.ኤ.አ. «መድኃኒት ያለ ጉዳት» በሚል ዘመቻ ሲጀምር ትኩረት ከሰጣቸው ሦስት ጉዳዮች አንዱ በሽተኛ ከአንድ የሕክምና ቦታ ወደ ሌላ ወይም ወደ ቤት ሲሸጋገር የሚፈጠረው ስህተት ነው። ሌሎቹ ሁለቱ ብዙ ዓይነት መድኃኒት አብሮ መውሰድና ከፍተኛ ጥንቃቄ የሚሹ ሁኔታዎች ናቸው። እናትሽ ሦስቱንም አሟልተዋል።

ሁለተኛው የተሳሳተ ሐሳብ «ተሽሏታል» የሚለው ነው። የተሻላቸው መድኃኒቱን ስለሚወስዱ ነው። ፉሮሴማይዱ የተጠራቀመውን ውሃ አውጥቶላቸዋል፣ ውጤቱም በዓይን ይታያል። ካርቬዲሎል፣ ሊዚኖፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ግን ዛሬ «ሠራ» ተብሎ የሚታይ ነገር የላቸውም። የደከመን ልብ ከተጨማሪ ጫና የሚከላከሉት በወራትና በዓመታት ነው፣ ስለዚህ ሰው ቶሎ የሚሰለቻቸውም እነሱን ነው። ካርቬዲሎልን በተለይ ባንዴ ማቋረጥ አይቻልም፤ የልብ ምት በድንገት ሊፈጥንና ደረት ሊያም ይችላል። በትንሹ ተጀምሮ በየቀጠሮው ቀስ እያለ የሚጨመር መድኃኒት ስለሆነ በሚቀጥለው ጊዜ መጠኑ ቢጨምር አትደንግጪ። ከምግብ ጋር ይውሰዱት። በባዶ ሆድ ሲወሰድ ማዞሩን ያባብሰዋል፣ ይህን የሚነግር ደግሞ ጥቂት ነው።

የሌሊቱ ሽንት ቀላሉ ነው። የሚዋጥ ፉሮሴማይድ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሥራ ይጀምራል፣ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይቆያል። ማታ ከተወሰደ ሌሊት ያሸናል፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። በቀን አንዴ ከሆነ ጠዋት፣ ሁለቴ ከሆነ ጠዋትና ከምሳ በኋላ ቀደም ብሎ ይሁን። ሰዓቱን ማስተካከል መጠኑን መቀነስ አይደለም፣ ፋርማሲስቱም ሊያስተካክልልሽ ይችላል። በጨለማ ሽንት ቤት ሲመላለሱ ወድቀው ዳሌያቸውን የሚሰብሩ አዛውንቶች ስላሉ ነገሩን የእንቅልፍ ጉዳይ ብቻ አድርገሽ አትዪው።

አሁን ዋናው ምክሬ። ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ፣ የሚዋጠውን፣ የሚቀባውን፣ ጠብታውን፣ ቫይታሚኑን፣ የባህል መድኃኒት ካለም እሱን፣ በአንድ ከረጢት ሰብስበሽ ከመውጫ ወረቀቱ ጋር ይዘሽ ሂጂ። በዚህ ሳምንት ውስጥ ይሁን፣ የአንድ ወር ቀጠሮውን አትጠብቂ። ሐኪሙ ወይም ፋርማሲስቱ ፊት አንድ በአንድ አውጪና ስለ እያንዳንዱ ጠይቂ፦ ይቀጥላል፣ መጠኑ ተለውጧል፣ ወይስ ቆሟል? የሚቀጥለው ለምን እንደሆነና እስከ መቼ እንደሆነም ይነገርሽ። ሆስፒታል ተጀምረው ማንም ሳያስቆማቸው ለዓመታት የሚወሰዱ አሉ፣ የጨጓራ ኪኒን ዋነኛው ነው። የተነገረሽን እዚያው በራስሽ ቃል መልሰሽ ንገሪያቸው። «ላሲክሱ ቆሟል፣ ፉሮሴማይዱን ጠዋት ብቻ እሰጣለሁ፣ አይደል?» በይ። ስህተቱ የሚያዘው ያኔ ነው። ስትወጪ እጅሽ ላይ አንድ ዝርዝር ብቻ ይኑር፤ ስሙ፣ ሚሊግራሙ፣ ሰዓቱና የሚወሰድበት ምክንያት የተጻፈበት። ፎቶ አንሺውና ስልክሽ ላይም ይቀመጥ። ሌላ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ፣ የጥርስ ሐኪምም ቢሆን፣ ይህን ዝርዝር አሳዪ።

ፋርማሲስት በዚህ ረገድ ብዙ ይጠቅምሻል፤ ድርብ የሆነውንና አብሮ የማይሄደውን ቶሎ ይለያል። ግን የኩላሊት ውጤታቸውን ካላየ፣ ልባቸው ምን ያህል እንደደከመ ካላወቀ፣ መጠን ሊወስንልሽ አይችልም። እኔም ከዚህ ሆኜ አልችልም። ወረቀቱን አላየሁም፣ ሚሊግራሞቹንም አልነገርሽኝም።

ቤት ውስጥ መድኃኒት የሚሰጠው አንድ ሰው ይሁን። «እየሰጠናት» ስላልሽ ከአንድ በላይ ናችሁ ብዬ ነው። አንዱ ጠዋት ሰጥቶ ይወጣል፣ ሌላው አልተሰጠም ብሎ ይደግማል። መፈራረቅ ግድ ከሆነ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፉና የሰጠ ሰው ወዲያው ምልክት ያድርግ። የሳምንት ኪኒን መያዣ ጥሩ ነው፣ የሚሞላው ግን ዝርዝሩን ይዞ ይሙላ። የተለያየ ኪኒን አንድ ብልቃጥ ውስጥ አትቀላቅሉ። መዋጥ ካስቸገራቸው ከመፍጨታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ቀስ እያለ እንዲለቀቅ ተደርጎ የተሠራ ኪኒን ሲፈጭ የቀኑ መጠን ባንዴ ይገባል። አንድ ጊዜ ቢያልፋቸው ደግሞ ቶሎ ከታወሰ ይውሰዱ፣ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ያለፈው አልፏል። ሁለቱን አንድ ላይ አትስጡ።

በየቀኑ ጠዋት ሸንተው፣ ከቁርስ በፊት፣ ተመሳሳይ ልብስ ለብሰው ይመዘኑና ይጻፍ። በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመሩ ውሃ እየተጠራቀመ ነው፣ እግር እስኪያብጥ ሳትጠብቂ ደውዪ። ዲክሎፌናኩንና ድርብ የሆነውን ላሲክስ ስታቆሙ ክብደታቸው ወዴት እንደሚሄድም ሚዛኑ ይነግርሻል። የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራው ዛሬ ደህና ቢሆንም ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ መደገም አለበት፤ ሊዚኖፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን የጀመረ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ቀጠሮ ካልተያዘላቸው አንቺ ጠይቂ።

ቢያስቀምጣቸው፣ ቢያስመልሳቸው፣ ወይም መብላት መጠጣት ቢያቅታቸው ነገሩ ይለወጣል። ሰውነት ውሃ ሲያጣ የሚያሸናው፣ ሊዚኖፕሪሉ፣ ስፓይሮኖላክቶኑና ሜትፎርሚኑ ለጊዜው መቆም ሊኖርባቸው ይችላል። የትኛው እንደሚቆምና መቼ እንደሚመለስ ሳይታመሙ አስቀድመሽ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሪና ዝርዝሩ ጀርባ ላይ ጻፊው።

አንዳንዱ ነገር ስልክም ቀጠሮም አይጠብቅም። ራሳቸውን ከሳቱ፣ ደረታቸውን ካመማቸው፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ከንፈራቸው ወይም ምላሳቸው ካበጠ፣ የልብ ምታቸው ከተዘበራረቀ ወይም ጡንቻቸው ከዛለ፣ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ካላባቸው፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ግራ ከተጋቡ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ካርቬዲሎል ስኳር ሲወርድ የሚመጣውን የልብ መምታት ሊደብቅ ይችላል፣ ላቡ ግን አይደበቅምና እሱን ልብ በይ። ከንፈርና ምላስ ያሳበጠ «ፕሪል» ካለ ያ ቤተሰብ በሙሉ ዳግም አይሰጣቸውም። ደረቅ ሳል ብቻ ከሆነ ግን ድንገተኛ አይደለም፤ የእነዚሁ መድኃኒቶች የታወቀ ጠባይ ነው፣ በራሳችሁ አታቁሙ፣ ሐኪሙ በሌላ ይቀይረዋል።

የድሮዎቹን ኪኒኖች ሐኪሙ እስኪያያቸው አትጣያቸው፣ አሽገሽ እሳቸው ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጪ። ቆመዋል ከተባለ በኋላ ግን ቤት አይቆዩ፣ «ለክፉ ቀን» ተብሎም አይቀመጡ፣ ግፊት አለብኝ ለሚል ዘመድም አይሰጡ። ፋርማሲው የሚቀበል ከሆነ መልሺ። የማይቀበል ከሆነ ከማሸጊያው አውጥተሽ ከአፈር ጋር ቀላቅለሽ፣ ልጆች በማይከፍቱት ነገር አስረሽ ከቆሻሻ ጋር አስወግጂ።